«እንዳትወፍሪብኝ» ያልኩሽ ቀን

ውድ እታለም፣

«እንዴት ከረምሽ» ብዬ ብጀምር አንቺው ትስቂብኛለሽ። አፈር ከለበስሽ አምስት ወርሽ ነው፤ የት እንደከረምሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ፣ ክፍልሽ ሳላንኳኳ እገባ እንደነበረው እንዲሁ ዘው ብዬ ገባሁ በይ። ያኔ «ሴትዮ፣ በር የተሠራው ለሌባ ብቻ ነው እንዴ?» ትይኝ ነበር።

ትላንት ለልጅሽ አንድ ነገር ነገርኳት። ለእሷ ነግሬ ላንቺ ሳልነግር መቀመጥ ከበደኝ። የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ሰው ደመወዝ ሲጠብቅ እኔ ስልክ እጠብቃለሁ። ሥራ ሲመጣ ሦስቱ ባንድ ቀን ይመጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ወር ሙሉ ድምፁ የለም። ጠዋት የኩሽናውን ጠረጴዛ ጠራርጌ ወደ መስኮቱ እጎትተዋለሁ፣ ብርሃኑ በግራዬ እንዲመጣ። እርሳሶቼን እቀርጻለሁ፣ ውሃ ቀለሜን እበጠብጣለሁ። ያ ባለ መነጽሩ ልብስ ሰፊ አሁንም «ደንበኛዬን ሣዪልኝ፣ ግን እንዳትቆጣ ትንሽ ቀነስ አድርጊያት» እያለ ይደውላል። እሺ እለዋለሁ፣ እቀመጣለሁም። መቀመጡን እቀመጣለሁ፤ ሥዕሉ ግን አይመጣም።

ድሮ ሰው «ሐሳቡ ከየት ይመጣልሻል?» ሲለኝ እንዴት እንደምጀነን ታውቂያለሽ። አውቶቡስ ሊያመልጣት ቀሚሷን ሰብስባ ከምትሮጥ ሴት። ነፋስ ከሚነፋው መጋረጃ። ሽንኩርት ስልጥ ቢላዋዬን ጥዬ ልጣጩን ወደ መስኮቱ ይዤ የቀረሁበትን ቀንማ አትረሺውም። ያ ቢጫ፣ ከላዩ ቡናማ ሥር ሥር ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። «ይሄ እኮ ቀሚስ ነው!» አልኩሽ። «ሌላው ሰው ሽንኩርት ልጦ ምሳ ያደርሳል፣ አንቺ ቀሚስ ታደርሻለሽ። እንግዲህ ሹካሽን አምጪና ቀሚስ እንብላ» አልሽኝ። እውነትም ምሳው አልደረሰም። ቀሚሱ ግን ደረሰ።

ሥራዬን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩት ነገሩ አልወጣልኝም። የሰው ቁመት ሰባት ራስ ተኩል ነው። በልብስ ሥዕል ዘጠኝ ራስ እናደርገዋለን። እግሩን እንስበዋለን፣ አንገቱን እንመዘዋለን፣ ወገቡን እናቀጥነዋለን። የማታ ትምህርት ያስተማረን ሰውዬ «ያለችውን ሴት ተዉአት፤ ልብሱ የሚመኛትን ሣሉ» ይለን ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ካንቺ ላይ ነው የሣልኳት። ከስፌት መኪናሽ አስነስቼ መስኮቱ ጋ አቁሜሽ የተላከውን ልብስ አለብስሻለሁ፤ ከዚያ አንቺን እያየሁ ረዘም፣ ቀጠን ያለችውን ሌላዋን እሥላለሁ። ፊት የላትም። በኛ ሥራ ፊቱ ባዶ ነው የሚቀረው፣ ገዢዋ የራሷን እንድታስገባበት። አቋቋሟ ግን ያንቺ ነው። «ፊቴን ሰርቀሽ ዳሌዬን ሸጥሽው» ትይኝ ነበር።

ያን ዓመት፣ ከመውደቅሽ በፊት፣ ባለ ሱቋ ወይዘሮ መቀስ የዓመቱን ካታሎግ በሙሉ ለኔ ሰጠችኝ። (ስሙን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ፣ ሰው ጨርሶ ሳይናገር ወሬውን ስለምትቆርጥ። ሱቋ ውስጥ አሁን ሠራተኞቿም በሥውር እንደዚያ ይሏታል።) ሠላሳ ስድስት ልብስ፣ በየወሩ ሦስት ሦስት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቼ አላውቅም። ልብሶቹ ሁሉ ባንድ ቁጥር የተሰፉ ናቸው፣ እንደ ድሮው ልክሽ የሆኑ። በመጀመሪያው ወር ወገቡ ላይ ትንሽ ተረፈ። ከኋላሽ ሰብስቤ በሁለት የልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። ይሄ የትም ያለ ነው፤ ከፊት ካማረ ከኋላ ማን ያያል? በአራተኛው ወር መቆንጠጫው አምስት ሆነ። በስምንተኛው ከትከሻሽ እስከ ዳሌሽ ተደረደረ።

«ከፊት ንግሥት፣ ከኋላ ልብስ ማስጫ ገመድ!» ብለሽ ተሽከረከርሽ። ሁለታችንም እስኪያስለን ሳቅን።

እታለም፣ መቆንጠጫዎቹን የምሰካው እኮ እኔ ነበርኩ። በገዛ እጄ፣ አንድ ባንድ። አንድ በተጨመረ ቁጥር «ይሄ ሱቅ ልብስ መስፋት ረሳ» እያልኩ።

ሥዕሉ ደግሞ ማማሩ! ድሮ እጄ ካንቺ ላይ ሲቀንስና ሲመዝ ይደክም ነበር። ያን ዓመት መቀነሱ ቀረልኝ፤ ያየሁትን ብቻ ማስቀመጥ ይበቃ ጀመር። ካንገትሽ ሥር አጥንትሽ ወጥቶ ጥላ ይጥላል፣ ጥላውም እኔ በምፈልገው ቦታ ይወድቃል። «እጄ በሰለ» አልኩ። ሃያ ዓመት ለፍቼ አሁን ገና ሠዓሊ ሆንኩ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ! ወይዘሮ መቀስ ሳይቀር «ምን አግኝተሽ ነው እባክሽ? ወረቀቱ ነፍስ ዘራ» አለችኝ። ልጅሽ ከዩኒቨርሲቲ ደውላ «አክስቴ፣ እማዬ እንዴት ናት?» ስትለኝ «እናትሽማ ሞዴል ሆናልሻለች! መጥተሽ ብታያት አታውቂያትም» አልኳት። በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ያ የሽንኩርት ልጣጩ ቀሚስ መጣ። ሐሳቡ የኔ ነውና ወይዘሮ መቀስ ጨርቁን ብቻ ላከች፤ ቆርጠሽ የሰፋሽው አንቺ ነሽ፣ ደብተርሽ ላይ ባለው በራስሽ ልክ። ስትለብሽው ከትከሻሽ ተንሸራተተ።

«እትዬ» አልሽኝ፣ «ይሄ እኮ በልኬ የቆረጥኩት ነው።»

አፌ ውስጥ ስፒል ይዣለሁ። «ቆይ አትንቀሳቀሺ» አልኩሽ በጥርሴ።

«የበላሁትም አልረጋ እያለኝ ነው። ሐኪም ቤት ብቅ ልበል ይሆን?»

ይቺን ምላሴን ነቅለው ለውሻ ይስጧትና፣ ምን አልኩሽ? «ሦስት ሥዕል ነው የቀረን። እሱ ይለቅና እኔው ራሴ እወስድሻለሁ። እስከዚያ ግን አደራ፣ እንዳትወፍሪብኝ!»

ሳቅሽ። አሳሳቅሽ አጭር ነበር። ከዚያ እጅሽን ከጎድንሽ በታች አሳረፍሽው፤ ጣቶችሽ ጨርቁ ውስጥ ሰመጡ፣ ቢጫውም ተጨማዶ ከሥራቸው ወደ ታች ወረደ። እንዲህ ያለ እጥፋት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። «እንደሱ ቁሚ! እንዳትነቃነቂ!» ብዬ ጮህኩብሽ። አርባ ደቂቃ አቆምኩሽ። አንቺ ሕመምሽን በእጅሽ ደግፈሽ፣ እኔ እጥፋቱን እየሣልኩ።

ለምን እሺ አልሽኝ? ባልሽ ጥሎሽ ከሄደ ወዲህ «አማረብሽ» የሚልሽ እኔ ብቻ ነበርኩ። ምናልባት ይቺን ቃል እንዳታጪ ብለሽ ዝም አልሽ ይሆን? ይሄን ልጠይቅሽ ስንት ጊዜ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት መሰለሽ።

ሦስቱ ሥዕል ሲያልቅ «እነዚህን ሁለቱን ደግሞ እንደገና» ተባለ፤ እነሱም ሲያልቁ ማሳተሙ መጣ። ሐኪም ቤት ስወስድሽ ከዚያ ቀን ሁለት ወር ከአሥር ቀን አልፎ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የከሳችው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔም «አሁን በቅርቡ ነው፣ ዶክተር» አልኩት።

አንቺ አየሽኝ። አየሽኝና ጣሪያውን ማየት ጀመርሽ።

ከቀበርንሽ በኋላ ቤቱ የሞላው ሰው ሁሉ «ሕመሟን ደብቃ ነው፣ ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ብላ፤ የሷ ነገር» ሲል አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ልጅሽ ጭኔ ላይ ተደፍታ «ለምን ደበቀችኝ አክስቴ? እኔን ምን አድርጌያት ነው?» እያለች ስታለቅስ ፀጉሯን እየዳበስኩ «እናትሽ እንዲህ ናት፣ ለራሷ አትሆንም» አልኳት። አፈርሽ ሳይደርቅ ጥፋቴን ላንቺ አሸከምኩሽ፣ እታለም። አንቺም እንደ ሁልጊዜው ተሸከምሽልኝ።

እንዲሁ እየተሸከምሽልኝ እስከ ዕለተ ሞቴ ልኖር ነበር። ባለፈው ወር ግን ወይዘሮ መቀስ ራሷ ቤት ድረስ መጣች። ልጅሽ ትምህርቷን ጨርሳ እኔው ጋ ነው የገባችው፤ ከሥራ መልስ ስፌት መኪናሽ ላይ ቁጭ ብላ ያንን ይሄን ትጠግናለች። ሴትየዋ ገና ሳትቀመጥ፣

«ያቺን ቢጫ ለባሿን አውጪልኝ» አለች። «በቁመት ሙሉ አሳትሜ የሱቁ መስታወት ላይ ልሰቅላት ነው። ያቺ እጅ አነጋገረችኝ!»

«እሷ እንኳ ተበላሽታለች» አልኩ።

«ምኗ ነው የተበላሸው?»

«ውሃ ፈሶባት...»

«ትላንት አይቻታለሁ፣ ምንም አልሆነችም» አለች ልጅሽ ከመኪናው ጀርባ።

«ማለቴ...»

«ማለትሽን ተይውና ማክሰኞ አምጪያት» ብላ ቆርጣኝ ወጣች።

ልጅሽ ፊቷ በርቶ ነበር። አንቺ ከሄድሽ እንዲያ ስትሆን ያየኋት ያን ቀን ነው። «አክስቴ፣ እማዬ እኮ ናት! ፊት ባይኖራትም አቋቋሟ እሷ ናት። ዋና መንገድ ላይ ቆማ ሰው ሁሉ ሲያያት ደስ አይልሽም?»

«ይቅርብን፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ይቅርብን።»

ማክሰኞ አሞኛል አልኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ወረቀቱ የገባበት ጠፋኝ አልኩ። ልጅሽ ትዕግሥቷ አልቆ «በሞተ ሰው ትቀኛለሽ እንዴ?» አለችኝ። ምላሷ ያንቺ ነው፣ ሲወጋ አጥንት ይነካል። ሳስበው ግን መውጫ የለኝም። ሥዕሉን ብሰጥ ውሸቴ መስታወት ላይ ይሰቀላል፤ ብከለክል ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ከዚያች ልጅ ሌላ በዚህ ምድር ማን አለኝ? ብነግራት እሷንም ላጣ ነው፤ ካልነገርኳት ደግሞ እናቷ ደብቃኝ ሞተች እያለች ልትኖር ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ሠላሳ ስድስቱንም አወጣሁ። እንደምታውቂው ከግርጌው ቀን መጻፍ ልማዴ ነው። ከበሩ ጀምሬ እስከ መስኮቱ ወለሉ ላይ በየቀናቸው ደረደርኳቸው። «ከበሩ ጀምረሽ ወደዚህ ነይ» አልኳት። መጀመሪያ ፈገግ እያለች፣ ቁጢጥ ብላ፣ ልብሶቹን እያደነቀች መጣች። መሀል ላይ ፈገግታው ቀረ።

«ይሄ አንገቷ... አንቺ ነሽ ያቀጠንሽው?»

«አይደለሁም። እንደዚያ ነበረች።»

ወደ ኋላ ተመልሳ የመጀመሪያዎቹን አየች፣ እንደገና መጣች። ቢጫዋ ጋ ስትደርስ መዳፏን ወለሉ ላይ ተከለች።

«እጇ እዚህ ቦታ የመጣው መቼ ነው?» ቀኑን አነበበች፤ በጣቷ ቆጠረች። «አመመኝ ብላሽ ነበር?»

«ብላኛለች።»

«ምን አልሻት?»

ነገርኳት። ቃል በቃል፣ «እንዳትወፍሪብኝ» ያልኩሽን ጭምር። ለሐኪሙ ያልኩትንም። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «እኔ ለጓደኞቼ ሁሉ እናቴ ሞዴል ሆነች ብዬ አወራሁ። በስልክ እየደወልኩ ሳይቀር።» ከዚያ ልብሷን በቦርሳ ከታ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ሥዕሉ ይሰቀል።»

«ልጄ፣ እባክሽ...»

«ይሰቀል አልኩ። ሌላው ሰው ቀሚሱን ይይ። አንቺ እሷን እያየሽ እለፊ።»

ወረቀቱን አሳትማ መለሰችልኝ፤ ተሰቀልሽ እንግዲህ። ሦስት ሳምንትሽ ነው። ከሱቁ በር ትረዝሚያለሽ። ጨርቅ ተራ ለመሄድም፣ ከባለ መነጽሩ ሥራ ለመቀበልም በዚያው ነው የማልፈው። ሴቶች ይቆማሉ። ኮረዶቹ እጃቸውን ያንቺ እጅ ባለበት አሳርፈው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ፎቶ ይነሳሉ፤ ከጎድን በታች፣ ልክ እዚያው ቦታ። አንዷ ጓደኛዋን «ትንሽ ብከሳ እኮ ይሄን እለብሰው ነበር» ስትላት ሰማሁና አላስቻለኝም።

«እህቴ፣ አትክሺ። እሷ ታማ ነው» አልኳት።

«ማን?»

«ይቺ።» ወደ መስታወቱ አሳየኋት።

«ነይ እንሂድ፣ ሴትየዋ ጤነኛ አይደለችም» ብላ ጓደኛዋን ጎተተች። ወይዘሮ መቀስ ከውስጥ ወጥታ «ደንበኛ ነው የምታባርሪብኝ? ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ!» አለች። ሥራውም በዚያው ተቆረጠ ማለት ነው። ቢሆንም ካሁን ወዲያ የምትወደውን ነገር ከየት አመጣላታለሁ? የምሥላት ሴት ሁሉ፣ ሳልፈልግ፣ እጇ ወደዚያ ቦታ ይሄድብኛል።

ቀና ስል ልጅሽ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ለካ እሷም በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ትላንት ግን ተሻገርኩ። ታላቅ ነኝና መሻገሩ የኔ ነው ብዬ። ከስታለች፣ ዓይኗ ገብቷል። «እህል ትቀምሻለሽ?» አልኳት። መስታወቱን እያየች፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ያን ቀን፣ ስታቆሚያት፣ እንዳመማት አታውቂም ነበር?»

ይሄን ሁሉ ገጽ «አላየሁም» ስልሽ ቆየሁ፣ እታለም። ለእሷም እንደዚያ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እዚያ ማዶ ቆሜ ሥዕሌን አየሁት። ያንን እጅ እንዲያ አድርጎ የሚሥል ሰው ሕመሙን ያላወቀ ሰው ሊሆን አይችልም። የጣቶችሽ ጫፍ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ነጩን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። የላይኛው ከንፈርሽ ላይ ላብ ነበረ፤ ፊት አይሣልም ብዬ ተውኩት።

«አውቄ ነበር» አልኳት። «እንዳመማት አየሁ። ብትቀመጥ እጥፋቱ ይበላሽብኛል ብዬ ነው።»

መኪና አለፈ፣ አውቶቡስ አለፈ።

«ቅዳሜ የእማዬን ስፌት መኪና ልወስድ እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ስመጣ ቤት እንዳላገኝሽ።»

እሺ አልኳት።

ዛሬ መኪናሽን ፈትቼ አቧራውን አውጥቻለሁ፤ ዘይት ጠጥቷል፣ ቀበቶውም ላልቶ ነበር አጥብቄዋለሁ። ሠላሳ ስድስቱን ሥዕሎች በየቀናቸው አስሬ ከሥሩ አስቀምጬላታለሁ፤ ከእንግዲህ የሷ ናቸው፣ ብትፈልግ ታቃጥላቸው። ደብተርሽንም ጨምሬያለሁ፣ ልክሽ ያለበትን። ቁልፉን ጎረቤት እተውላትና በጠዋት እወጣለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ብልሽ አንቺ ቶሎ ይቅር ትያለሽ፤ ይሄን አውቄ ነው ስንት ዓመት የተጫወትኩብሽ። ልጅሽ ግን እንዳንቺ አይደለችም፣ እሰይ። እሷ ስትፈቅድ፣ ከፈቀደች፣ ያኔ እጠይቅሻለሁ። ካልፈቀደችም ሳልጠይቅሽ ወዳለሽበት እመጣለሁ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የት እንደምቆይ ገና አላሰብኩም።

አውቃ ያቆመችሽ፣
እትዬ